ለጡረታችን ባሕር ዳር እንውረድ ወይ? የሰባት ቀን ማስታወሻ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2010

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ደረስን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ባለቤቴ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቧል። እኔም ሹራቤ ላይ ጋቢ ደርቤያለሁ። አውቶቡሱ ደረጃ ጋ ስደርስ ጉልበቴ አልታጠፍ አለኝ። ረዳቱ ለጋ ልጅ ነው። «አይዞዎት እናቴ፣ ቀስ ይበሉ» እያለ ክንዴን ይዞ አሳፈረኝ።

ይህን ጉዞ ያመጣው ይኸው ጉልበቴ ነው። 34 ዓመት አስተምሬ አምና በ60 ዓመቴ ጡረታ ወጣሁ። ባለቤቴ ከእኔ አራት ዓመት ቀድሞ ነው የወጣው። ልጆቻችን አዲስ አበባ ናቸው። ማርቆስ የቀረነው ሁለታችን ነን። ክረምት ሲገባ ቤታችን ግድግዳው ሳይቀር ይረጥባል። ሐምሌና ነሐሴ ግድግዳ ካልያዝኩ ከአልጋ አልነሳም። ሐኪሙ መገጣጠሚያዬ እንደተበላ ነግሮኛል። ሙቀት ሕመሙን ያስታግሰዋል እንጂ አያድነውም ብሎኛል።

ባሕር ዳር አንዲት ጓደኛ አለችኝ። ዳንግላ አብረን ነበር ያስተማርነው። እሷ ያለችበት ሰፈር መምህራን በቤት ማኅበር ተደራጅተው የሠሩት ነው። 24 ቤት አለው። ቦታውን ሲመሩ ወጣቶች ነበሩ፤ አሁን ሁሉም ማለት ይቻላል ጡረተኛ ሆነዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ ስትወተውተኝ ከረመች። «ማርቆስ ምን ቀረሽ? ቤታችሁን ሽጡና ኑ። እዚህ ብርድ የለ፣ ብቸኝነት የለ» ትለኛለች። ከፋሲካ በፊት ደግሞ ከ24ቱ አንዱ ለሽያጭ መቅረቡን ነገረችኝ።

እኔ ወዲያው ልቤ ሄደ። ባለቤቴ ግን «እንሂድ እንየው። በጥሩው ወር ግን አይደለም። አገሩን በሙቀቱ ወር ነው ማየት ያለብን» አለ። ዕድሜ ልኩን መንገድ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ድልድይ የሚፈተነው በክረምት ነው ይላል። ስለዚህ ሚያዝያን መረጥን።

ከማርቆስ ባሕር ዳር 260 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱን ብዙ ጊዜ ሄጄበታለሁ፤ ዛሬ ግን ጋቢዬን እያየሁ ሄድኩ። አማኑኤልን፣ ደምበጫን አልፈን ፍኖተ ሰላም ስንደርስ አወለቅኩት። ቡሬ ቁርስ በላን። ፀሐይዋ ደስ ትላለች። እንጅባራ ላይ ግን ደመናው ወርዶ፣ ቀርቀሃው ረጥቦ ጠበቀን፤ መልሼ ለበስኩት። ዳንግላን አልፈን ዱርቤቴ ስንደርስ እንደገና አወለቅኩት። ከዚያ በኋላ አልለበስኩትም። ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ይበልጣል፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ነው። 1,000 ሜትር በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ይጨምራል ብዬ ስንቱን ተማሪ አስተምሬያለሁ። ዛሬ በገላዬ አየሁት።

ወተት ዐባይ ላይ ግልገል ዐባይን ተሻገርን። ከሰከላ ተነስቶ ጣና ይገባል። መራዊ ስንደርስ የቆጋ መስኖ ሜዳው ሁሉ በሚያዝያ አረንጓዴ ነው። ባለቤቴ በመስኮት ሲያይ ቆይቶ «ይኼ አገር ያበላል» አለኝ።

6 ሰዓት ተኩል ላይ ባሕር ዳር ገባን። ከአውቶቡሱ ስወርድ ሙቀቱ የምጣድ ክዳን ሲነሳ እንደሚመታው እንፋሎት ፊቴን መታኝ። ባጃጅ ያዝን። ዘንባባው ጥላ አለው። ጓደኛዬ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ተቃቅፈን አለቀስን።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 9

ዛሬ ጠዋት ግድግዳ ሳልይዝ ተነሳሁ።

ይህን ለብቻው የጻፍኩት ስለሚገባው ነው። እግሬን ከአልጋ አወረድኩ፣ ቆምኩ፣ ሄድኩ። ባለቤቴ አየኝ፤ ምንም አላለም። ዓይኑ ግን እንባ አቀረረ።

ሌሊቱ ግን ቀላል አልነበረም። አጎበር ውስጥ አየር የለም። ቬንትሌተሩ እስከ 6 ሰዓት ሠራ፤ ከዚያ መብራት ጠፋ። ትንኟ ከአጎበሩ ውጭ ታንጎራጉራለች። ባለቤቴ ሦስት ጊዜ ተነስቶ ውሃ ጠጣ። ማርቆስ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ የሚተኛ ሰው እዚህ አንሶላም ከበደው።

ከሰዓት በኋላ የሚሸጠውን ቤት አየን። ባለቤቱ አዲስ አበባ ልጁ ጋ ሊገባ ነው። ሦስት ክፍል ነው፤ ብሎኬት ነው፤ ግቢው ውስጥ አንድ ማንጎና ሁለት ፓፓያ አሉ። ማንጎው ሥር ቆሜ እዚህ ጋ ወንበር፣ እዚህ ጋ ረከቦት እያልኩ በሐሳቤ ቤቱን አስተካከልኩት። ባለቤቴ ግን ሌላ ነገር ያይ ነበር። ሁለቱ ክፍሎች ኮርኒስ የላቸውም። መኝታ ቤቱ ወደ ምዕራብ ዞሯል። ሽንት ቤቱ ውጭ ነው፤ ሦስት ደረጃ አለው፤ መያዣ የለውም። ውሃ በየቀኑ አይመጣም፤ ሮቶ አለ።

10 ሰዓት ላይ የመኝታ ቤቱን ግድግዳ በእጄ ነካሁት። ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ ይሞቃል። ማታ 2 ሰዓት ላይ ቁልፉን ለምነን ተመለስንና ያችኑ ቦታ ነካኋት። አሁንም ትሞቃለች። ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ይተፋዋል። ስልኬ ቀን 31 ዲግሪ ይል ነበር፤ የውጭውን ነው፤ ያችን ግድግዳ አያውቃትም። ቤት ልትገዙ ሞቃት አገር የምትወርዱ ካላችሁ፣ ግድግዳውን ማታም ንኩት።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 10

በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕም ይበላል። ጓደኛዬ ቆሮሶ ጠብሳ አበላችን። ከጣና የወጣ ትኩስ ዓሣ ማርቆስ አይገኝም።

ዛሬ የዋልነው ከሰፈሩ ሰው ጋር ነው። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ሳይሞቅ በእግር ይሄዳሉ። ወንዶቹ ወደ ሐይቁ ዳር፣ ሴቶቹ ወደ ቤተ ክርስቲያን። ተመልሰው መንገዱ ጫፍ ላይ ያለው ዳስ ውስጥ ይቀመጣሉ። እዚያ ዳስ ውስጥ ልቤን የነካውን ነገር አየሁ። ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። ጠመኔ በገመድ ታስሯል። ሰሌዳው ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ የሳምንቱ ተራ ተጽፏል። ሕመምተኛ ያለበት ቤት ቁጥር፣ ቀን ማን እንደሚጠይቅ፣ ሌሊት ማን እንደሚያድር፣ ምሳ ማን እንደሚወስድ። ቤት ቁጥር 17 ከላይ ነው። ከጎኑ 14 ስም ተደርድሯል፤ ሰባት ቀን፣ ሰባት ሌሊት። የተሰረዘ ስም አንድ ብቻ ነው፤ በላዩ ተተኪው ተጽፏል።

«ማን ነው የሚጽፈው?» አልኳት።

«በዚህ ወር እኔ ነኝ» አለችኝ ጓደኛዬ። «እድሩ ሲያዝዘን አይደለም። እድር ለሞት ነው። ይኼ ለሕመም ነው።»

34 ዓመት ጠመኔ የያዘ እጅ ያንን ሰሌዳ ሲያይ ምን እንደሚሰማው አስተማሪ የሆነ ያውቀዋል።

ከሰዓት ቡና ላይ ሴቶቹን ጠየቅኳቸው። አንዷ ከቢቸና ነው የመጣችው፤ አንዷ ከሞጣ። ደጋ የለመደ ሰው እንዴት ሆነ? ከቢቸና የመጣችው ሳትሸሽግ ነገረችኝ። የመጀመሪያው ዓመት ጥቅምት ላይ ወባ ጣላት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባሏን። «እኛ ደገኞች ሰውነታችን ወባን አያውቃትም። የዚህ አገር ልጅ ራስ ምታት ብሎ የሚያልፋት እኛን ታንቀጠቅጠናለች። ክረምት አልፎ ውሃው ሲቋጥር፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ድረስ አጎበር ሳትዘረጊ ጎንሽን እንዳታሳርፊ» አለችኝ። ትኩሳት ከተሰማ በዚያው ቀን ደም መመርመር እንጂ ነገ እናያለን አይባልም። ይህን ሁሉም አስምረው ተናገሩ።

ጓደኛዬ ይህን በስልክ ነግራኝ አታውቅም። ማታ ጠየቅኳት። «ናፍቀሽኝ ነው» አለች። አቀፍኳት።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 11

ዛሬ ክፉኛ ደንግጫለሁ።

ገበያ ወጣን። ቅመምና ነጠላ ለማየት ነው። 5 ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ ጠነከረች። ባለቤቴ ለወትሮው ገበያ አይወድም፤ ዛሬ ግን ዝም ብሎ ሲከተለኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ነጠላ እያየሁ ዞር ብዬ ሳነጋግረው ፊቱ አመድ መስሏል። ከንፈሩ ደርቋል። «ትንሽ ልቀመጥ» አለና የጨርቁ ነጋዴ ወንበር ላይ ወደቀ ማለት ይቻላል። ነጋዴዋ ሴት ዕቃዋን ጥላ በጥለቷ አራገበችለት። ልጇን ሮጣ ውሃ እንድታመጣ ላከቻት። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም፤ እግዚአብሔር ይስጣት።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ነርሷ ወጣት ናት። ግፊቱን አስተኝታ ለካችው። አስነስታ እንደገና ለካችው። ሲቆም ወርዶ ተገኘ። የሚወስደውን መድኃኒት ጠየቀችው። ከደም ግፊት ኪኒኖቹ አንዱ ሽንት የሚያበዛ ነው። ነርሷ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና በእርጋታ አስረዳችው።

«አባቴ፣ ይኼ ኪኒን ውሃና ጨው ያስወጣል። ማርቆስ ብዙ አያልብዎትም። እዚህ ደግሞ ላቡ በላዩ ተጨመረ። ዕድሜ ሲገፋ ጥማት ቶሎ አይሰማም። እስኪጠማዎት ከጠበቁ ዘግይተዋል። መድኃኒቱን በራስዎ እንዳያቋርጡ፤ ግን እዚህ ለመኖር ካሰቡ ሳይመጡ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ። ልኩ መታየት አለበት። ከ6 እስከ 10 ሰዓት ደግሞ ፀሐይ ላይ አይውጡ።»

እሱ እንደ ተማሪ ራሱን እየነቀነቀ ሰማት። እኔ ግን ውስጤ ተንቀጠቀጠ። ለእኔ ጉልበት ብለን ነው የመጣነው። የእኔን ጉልበት ያላላው ሙቀት የእሱን ደም አወረደው። ሁለት ሰው አንድ አየር ነው የሚተነፍሰው፤ ሁለት ሰውነት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ቤት ስናማርጥ ስለ ቁርጥማቴ አንድ ዓመት አወራን፤ ስለ ኪኒኑ አንድ ቀን አላወራንም። ይኼ ይቆጨኛል።

ማታ ሲሻለው «ፈራሽ እንዴ?» አለኝ። «ፈራሁ» አልኩት።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 12

ሚካኤል ነው። ባለቤቴ ጥላ ሥር እንዲያርፍ ብንለምነውም እምቢ አለ። ውሃ ይዞ፣ ባርኔጣ አድርጎ በጠዋት ዘጌ ሄድን። በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ሐይቁ ላይ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ ሁለታችንም ሳንናገር ደስ አለን። የደንገል ታንኳ ላይ አንድ ሽማግሌ እንጨት ጭኖ ይቀዝፋል። ጀልባ ነጂው እንቦጩ የበረታው በጎንደር በኩል ባለው ዳር መሆኑን ነገረን፤ በዚህ በኩል ግን ውሃው ጥርት ያለ ነው።

ከወደቡ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በጫካ ቡና መካከል ዳገት ይወጣል። ዘጌ እርሻ አይታረስም፤ ዛፍ አይቆረጥም። ጥላው የተባረከ ነው። ጉልበቴ ዳገቱን ቻለው። ሥዕሎቹን አይቼ ስወጣ ከቅጥሩ ውጭ አንዲት እማሆይ ቡና ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። አጠገባቸው ተቀምጬ መልቀም ጀመርኩ።

ከሰከላ ነው የመጡት። ሰከላ ማለት የግሽ ዐባይ አገር ነው፤ ብርዱን የማያውቅ ጎጃሜ የለም። ባላቸው ሲሞት መንኩሰው እዚህ ከገቡ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እኛ ዛሬ «የጡረተኛ ሰፈር» እያልን እንደ አዲስ ነገር የምናወራውን እናቶቻችን ድሮም ያውቁት ነበር። ልጅ ድረው፣ ርስት አካፍለው፣ ቆብ ደፍተው ደብር ወይም ገዳም አጠገብ ይገባሉ። አንዷ ስትታመም ሌላዋ ውሃ ታቀብላለች። ሲሞቱ እዚያው ይቀበራሉ።

«እማሆይ፣ ሙቀቱ አልከበደዎትም?» አልኳቸው።

«በመጀመሪያው ዓመት ወባ ሦስት ጊዜ ጣለችኝ ልጄ።»

«ማን አስታመመዎት?»

በእጃቸው ጎጆዎቹን አሳዩኝ። «እነዚህ።»

«ለብርዱ ብለው ነው የመጡት?»

«ለነፍሴ ብዬ ነው። ለሥጋዬ ብዬ ብመጣማ በመጀመሪያዋ ወባ እመለስ ነበር።»

ቡናውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሰጡኝ። አልቀበልም ብል ተቆጡኝ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 13

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጩኸት ሰማን። ቤት ቁጥር 17 ነው።

አልጋ ላይ የነበሩት ጋሼ አርፈዋል። ሦስት ወር ታመዋል። ጓደኛዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች፤ እኛም ተከተልን። እኛ ስንደርስ ግቢው ሞልቷል። አሥር ደቂቃ አልሆነም። የሌሊቱ ተረኛ እጃቸውን ይዞ እንደነበረ ሰማሁ። ብቻቸውን አልሞቱም። ማን ምን እንደሚያደርግ የሚያዝ የለም፤ ሁሉም ያውቃል። አንዱ ገላ ያጥባል፣ አንዱ መኪና ይፈልጋል፣ ሁለቱ ሴቶች ምድጃ ላይ ንፍሮ ጥደዋል። ልጆቻቸው ከአዲስ አበባ ሌሊቱን ተነስተዋል። እንዲህ ያለ ጎረቤት ያለው ሰው የታደለ ነው ብዬ አሰብኩ፤ እዚህ መኖር አለብን ብዬም አሰብኩ።

ነገር ግን ጋሼ የደብረ ወርቅ ሰው ናቸው። አባታቸው አጠገብ መቀበር እንደሚፈልጉ ተናዘዋል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው ወደዚህ የወረዱት፤ እሳቸውም የመገጣጠሚያ ሕመም ነበረባቸው። አስከሬኑ በማለዳ በአዴት፣ በሞጣ በኩል እንዲሄድ ተወሰነ። የሰፈሩ ሰው አንድ አውቶቡስ ተከራየ።

ሚስትየው ሬሳው መኪና ላይ ሲወጣ ደረቷን እየመታች አለቀሰች። ሙሾዋ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«ቤትህን ሸጠኸው፣ ወዴት ላውርድህ? ጌታዬ ወዴት ላውርድህ?»

ደብረ ወርቅ የነበረውን ቤት ሸጠው ነው እዚህ የገዙት። ድንኳን የሚተከልበት የራሳቸው ደጅ የለም። ወንድማቸው ግቢ እንደሚተከል በስልክ ተነጋግረው ነበር። ሴትየዋ ግን ደጋግማ ያንኑ ትላለች። ባለቤቴ አጠገቤ ቆሟል። እጄን ያዘኝ። ሰው ፊት እጄን ይዞኝ አያውቅም።

አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ዳሱ ውስጥ ተቀመጥን። ጓደኛዬ ለቀብር ሄዳለች። ሰሌዳው ላይ 17 ቁጥርና ስሞቹ እንዳሉ ናቸው። ማንም አልደመሰሰውም።

«እኔ ማርቆስ ነው መቀበር የምፈልገው» አለኝ ባለቤቴ።

«እኔም» አልኩት። ይህን ለመባባል 38 ዓመት ትዳር ፈጀብን።

ከዚያ ረጅም ጊዜ አወራን። ዋጋውን አነሳን። የማርቆሱ ቤታችን ቢሸጥ ይኼን ይገዛል፤ ኮርኒስና የሽንት ቤቱን ደረጃ ለማስተካከል ግን ከጡረታችን ላይ መቆጠብ ሊኖርብን ነው። ይኼን ቶሎ ጨረስነው። የከበደን የቀረው ነው። ማርቆስ ስታመም ማን ይመጣል? ጎረቤቴ እትዬ ትመጣለች፤ እሷም 70 አልፏታል። ሰሌዳ የለንም። እንዲህ የተደራጀ ተራ የለንም። እዚህ አለ። እዚያ ግን የእድሩ ድንኳን አለ፣ 30 ዓመት የከፈልንበት። ከሰው ሁሉ ጋር የተላቀስንበት ነው። እዚህ መጥተን መግቢያ ከፍለን እድርተኛ መሆን ይቻላል፤ የ30 ዓመቱን ዕንባ ግን ይዞ መምጣት አይቻልም።

ደግሞ ጉልበቴ አለ። አምስት ቀን ግድግዳ ሳልይዝ ተነስቻለሁ። ይኼን ትቼ ልሂድ?

ባለቤቴ ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ወራቱን ጻፈ። እኔን የሚጎዳኝ ሐምሌና ነሐሴ ነው። እሱን የሚጎዳው ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ሙቀት ነው። ወባ የምትበረታው ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ዝናቡ እዚህም ይዘንባል፤ ብርዱ ግን እንደ ማርቆስ አይደለም። ሙቀቱም በዝናቡ ይበርዳል። ስለዚህ ሁለቱን ወር እዚህ፣ የቀረውን እዚያ። በክረምትም ቢሆን ከአጎበር አንወጣም። ቤት አንገዛም። አንሸጥም። አንድ ክፍል እንከራያለን፤ በምሥራቅ በኩል የዞረ፣ ኮርኒስ ያለው።

ማታ ጓደኛዬ ከቀብር ስትመለስ ነገርናት። ደክሟት ነበር። ዓይኗ አብጧል። ቅር እንደሚላት ፈርቼ ነበር። ዝም ብላ ቆየችና «ከምንም ሁለት ወር ይሻለኛል» አለች።

እሑድ፣ ሚያዝያ 14

አውቶቡሱ በማለዳ ነው። ጓደኛዬ ልትሸኘን ስትወጣ «አንድ ጊዜ» ብላ ወደ ዳሱ ታጠፈች። ተከተልኳት። የ17ን ስሞች በእጇ መዳፍ ቀስ ብላ ደመሰሰች። ሁለት ጊዜ ቆመች። ከዚያ ጠመኔውን አንስታ በዚያ ውብ ጽሑፏ ከታች ጻፈች፦ «ሐምሌና ነሐሴ፦ የማርቆስ እንግዶች። ተራ ይገባሉ።»

«ተራ ይገባሉ» የሚለው አስለቀሰኝ። እንግዳ ብቻ ብትለን ኖሮ ቅር ይለኝ ነበር።

መራዊን፣ ዳንግላን አለፍን። ባለቤቴ ውሃውን ሳላስታውሰው ይጠጣል። እንጅባራ ስንደርስ ጋቢያችንን ለበስን። ማርቆስ ስንገባ ዝናብ አካፍቶ ነበር፤ ጉልበቴም ወዲያው ጠዘጠዘኝ። ከመናኸሪያ እስከ ቤት የቅዱስ ማርቆስ ደወል ተሰማን። ለንግሡ 16 ቀን ነው የቀረው፤ ሚያዝያ 30 ነው። ከተማው ስሙን የወሰደው ከዚሁ ደብር ነው፤ ከንግሡ አንድ ዓመት ቀርቼ አላውቅም።

እትዬ ግቢያችንን ጠርጋ፣ ምድጃ ላይ ከሰል አያይዛ ጠበቀችን። የዘጌውን ቡና አቀበልኳት፤ በመዳፏ ይዛ አሸተተችው። ከዚያ ስትፈራው የቆየችውን ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«ሸጣችሁት?»

«አልሸጥንም። ሐምሌና ነሐሴ ግን አታገኝንም።»

«እንግዲያው ቁልፉ እኔው ጋ ይቆይ» አለች። መቀነቷን ፈታ፣ ቁልፉን ጫፉ ላይ ቋጥራ፣ መልሳ ታጠቀች። ከዚያ ቡናውን ለማጠብ ብድግ አለች።